የደም ስብ መድኃኒት ካንሰርን ይፈውሳልን?

በዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ የተቀመጠችው የደጀን ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስና ወደ ባሕር ዳር ለሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ ማረፊያ ናት። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ቁልቁለቱን የወረደ፣ ድልድዩን ተሻግሮ አቀበቱን የወጣ መኪና ሞተሩን የሚያበርደው እዚያ ነው። ተሳፋሪውም እጁን ታጥቦ ምሳውን የሚቀምሰው እዚያው ነው። እንዲህ ባለ ከተማ የሚራገፈው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ወሬም አብሮ ይራገፋል። ስለ ጤፍ ዋጋ ይወራል፤ ስለ ዘመድ ይወራል፤ ስለ መድኃኒትም ይወራል።

ስለ መድኃኒት ከሚናፈሱት ወሬዎች አንዱ «ለደም ስብ የሚታዘዘው ኪኒን ካንሰርንም ያድናል» የሚለው ነው። በቡና ላይ ጡቷ ውስጥ እብጠት ማግኘቷን ላጫወተች እናት፣ «እትዬ፣ ይኼ ኪኒን ለእብጠትም ፍቱን ነው ተብሏልና ይሞክሩት» የምትል ቅን ጎረቤት አትጠፋም። ምክሩ የሚሰጠው በክፋት አይደለም። ዳሩ ግን ቅን ምክር ሁሉ ትክክለኛ ምክር ስላልሆነ፣ «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» እንደሚባለው ነገሩን ከሥሩ መመርመር ያስፈልጋል።

ወሬው እንዲያው ከመሬት ተነሥቶ የተፈጠረ አለመሆኑን አስቀድሞ መናገር ተገቢ ነው። በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ ሳይንቲስቶች ጉዳዩን ለብዙ ዓመታት ሲያጠኑት ቆይተዋል። ይሁን እንጂ «እየተጠና ነው» በሚለውና «ያድናል» በሚለው መካከል ያለው ርቀት ከጎሐ ጽዮን አፋፍ ሆኖ ደጀንን ከማየትና ደጀን ከመግባት መካከል ካለው ርቀት አያንስም። ከአፋፉ ላይ ሲያዩት ቅርብ ይመስላል፤ መንገዱ ግን ገደል አለው።

ኮሌስትሮል ምንድን ነው?

ኮሌስትሮል በደማችንና በሰውነታችን ሕዋሳት ሁሉ ውስጥ የሚገኝ፣ ሰም የሚመስል የስብ ዓይነት ነው። ስሙ ከበሽታ ጋር ብቻ ስለሚነሣ ብዙ ሰው እንደ መርዝ ይቆጥረዋል። ነገር ግን ያለ እርሱ መኖር አይቻልም። የእያንዳንዱ ሕዋስ ግድግዳ የሚጠነክረው በእርሱ ነው፤ ሐሞት የሚሠራው ከእርሱ ነው፤ የሴትነት ሆርሞን የሆነው ኢስትሮጅን ጭምር የሚገኘው ከእርሱ ነው።

ከሚያስፈልገን ኮሌስትሮል አብዛኛውን የሚያዘጋጀው ሰውነታችን ራሱ፣ በተለይም ጉበታችን ነው። ቀሪው እንደ ቅቤ፣ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ካሉ ከእንስሳት ከሚገኙ ምግቦች ይመጣል። የኑግ፣ የተልባና የሰሊጥ ዘይቶች ኮሌስትሮል የላቸውም። በተለምዶ «የሚረጋ ዘይት» የሚባለው የፓልም ዘይት ደግሞ ራሱ ኮሌስትሮል ባይኖረውም፣ ውስጡ ያለው ስብ በደም ውስጥ የሚገኘውን የኮሌስትሮል መጠን ከፍ ያደርገዋል።

ችግር የሚመጣው መጠኑ ሲበዛ ነው። በተለይ ሐኪሞች ኤልዲኤል የሚሉት ዓይነት ከልክ ሲያልፍ በደም ሥሮች ግድግዳ ላይ እየተለጠፈ ያጠባቸዋል። ውሎ አድሮ የልብ ድካምንና በተለምዶ «ስትሮክ» የሚባለውን የአንጎል ደም መቋረጥ ያስከትላል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ጥናት፣ ከመቶ ኢትዮጵያውያን አዋቂዎች መካከል 5 ያህሉ በደማቸው ውስጥ ያለው ጠቅላላ የኮሌስትሮል መጠን ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ቁጥሩ ከሌሎች አገሮች ጋር ሲተያይ ዝቅተኛ ነው። ሆኖም በከተማ ተቀምጦ የሚሠራው፣ በእግሩ መሄድ የተወውና ቅባት የሚያበዛው ሕዝብ በጨመረ ቁጥር በሽታውም አብሮ ማደጉ አይቀርም።

ከሻጋታ የተገኘው መድኃኒት

እንጀራ ሻግቶ ያገኘች እናት ሳታመነታ አውጥታ ትጥለዋለች። መጣሏም ትክክል ነው። ይሁን እንጂ በዓለም ላይ ብዙ ሕይወት ካዳኑት መድኃኒቶች መካከል ጥቂት የማይባሉት ከሻጋታ የተገኙ ናቸው። ፔኒሲሊን የታወቀው ምሳሌ ነው። የኮሌስትሮል መድኃኒትም ታሪኩ ከዚያው ይጀምራል።

በሰሜን ጃፓን ከገበሬ ቤተሰብ የተወለደው ሳይንቲስት አኪራ ኤንዶ ከልጅነቱ አንሥቶ ስለ እንጉዳይና ስለ ሻጋታ ለማወቅ ይጓጓ ነበር። አድጎም በቶኪዮ በአንድ የመድኃኒት ኩባንያ ተቀጠረ። እ.ኤ.አ. በ1971 ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ አንድ ጥያቄ አነሣ። ሻጋታዎች ከሌሎች ረቂቅ ተሕዋስያን ራሳቸውን ለመከላከል ልዩ ልዩ ኬሚካሎች እንደሚያመነጩ ይታወቃል፤ ታዲያ ከእነዚህ መካከል ኮሌስትሮል እንዳይሠራ የሚከለክል አይገኝ ይሆን?

ሁለት ዓመት ሙሉ 6,000 ያህል የሻጋታና የፈንገስ ዓይነቶች አንድ በአንድ ተመረመሩ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1973 ከሩዝ ላይ ከተገኘ አንድ ሰማያዊ ሻጋታ የሚፈለገው ነገር ተገኘ። ይህ ንጥረ ነገር ጉበት ኮሌስትሮል ለመሥራት የሚጠቀምበትን አንድ ኤንዛይም ያግዳል። ጉበቱም የራሱ ምርት ሲያንሰው ከደም ውስጥ ኤልዲኤሉን እየሳበ ይጠቀምበታል፤ ስለዚህ በደም ውስጥ ያለው ይቀንሳል። ይህ የመድኃኒት ቤተሰብ ዛሬ «ስታቲን» ተብሎ ይጠራል። በመድኃኒት ቤቶቻችን የሚገኙት አቶርቫስታቲንና ሲምቫስታቲን የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው።

የመድኃኒቱ ጉዞ ግን ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1978 በኦሳካ መጀመሪያ የወሰደችው ሕመምተኛ ከወላጆቿ በወረሰችው በሽታ ኮሌስትሮሏ እጅግ ከፍ ያለ የ18 ዓመት ልጃገረድ ነበረች። ኮሌስትሮሏ ቢወርድም ጡንቻዋ ስለ ደከመ መጠኑ ተቀነሰላት። እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ መድኃኒቱን በብዛት የተሰጣቸው ውሾች ካንሰር የሚመስል ነገር ታየባቸው ስለ ተባለ ኩባንያው ሥራውን አቆመ።

አንባብያን ይህን ልብ ይሏል። ዛሬ «ካንሰርን ያድናል» የሚባልለት መድኃኒት ያን ጊዜ ሊቀር የነበረው ካንሰር ያመጣል ተብሎ ተፈርቶ ነው። ፍርሃቱም ሆነ ተስፋው ሊረጋገጥ የሚችለው በጥንቃቄ በተደረገ ሙከራ ብቻ መሆኑን ከዚህ ታሪክ እንማራለን።

የዚሁ ቤተሰብ አባል የሆነው ሎቫስታቲን እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ ተፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ በስካንዲኔቪያ አገሮች የተደረገ ታላቅ ጥናት ውጤት ወጣ። 4,444 የልብ ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ ሲምቫስታቲን፣ ግማሾቹ መድኃኒትነት የሌለው ኪኒን ለአምስት ዓመት ያህል ወሰዱ። መድኃኒቱን ካልወሰዱት 256 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከወሰዱት የሞቱት 182 ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ስታቲን ለልብ ሕሙማን ያለው ጥቅም አከራካሪ አልሆነም። አኪራ ኤንዶም እ.ኤ.አ. በ2024 በ90 ዓመቱ ዐረፈ።

ካንሰርንና ኮሌስትሮልን ምን አገናኛቸው?

ካንሰር ማለት ከሰውነታችን ሕዋሳት አንዳንዶቹ ሥርዓታቸውን ስተው፣ ያለ ልክ እየተባዙ ሌላውን የሰውነት ክፍል የሚወርሩበት በሽታ ነው። አንድ ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል ለአዲሱ ሕዋስ አዲስ ግድግዳ ያስፈልጋል። ቤት የሚያበዛ ሰው ጭቃና ጭድ እንደሚያስፈልገው ሁሉ፣ በፍጥነት የሚባዛ ሕዋስም ብዙ ኮሌስትሮል ይፈልጋል። ስለዚህ «ጭቃውን ብንከለክለው ግንባታው አይቆምምን?» የሚለው የተመራማሪዎቹ የመጀመሪያ ሐሳብ ነበር።

ሁለተኛው ሐሳብ ጠለቅ ያለ ነው። ስታቲን የሚያግደው ኤንዛይም ከኮሌስትሮል ሌላ ልዩ ልዩ ትናንሽ የስብ ዘለላዎች የሚሠሩበት መንገድ መነሻ ነው። ሕዋሱን «እደግ፣ ተባዛ» እያሉ የሚያዙ አንዳንድ ፕሮቲኖች በእነዚህ ዘለላዎች ከሕዋሱ ግድግዳ ጋር ካልተያያዙ ትእዛዛቸውን ማስተላለፍ አይችሉም። መድኃኒቱ ዘለላዎቹን ካሳጣቸው አዛዡ ድምፁ ይዘጋል ማለት ነው። በእርግጥም በቤተ ሙከራ በብርጭቆ ውስጥ በሚያድጉ የካንሰር ሕዋሳት ላይ ስታቲን ሲጨመር ብዙዎቹ ማደጋቸውን ያቆማሉ፤ አንዳንዶቹም ይሞታሉ።

ሦስተኛው ሐሳብ በተለይ እናቶችን ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ሰውነት ከኮሌስትሮል የሚያወጣው አንድ ንጥረ ነገር የኢስትሮጅንን ሥራ እየሠራ የጡት ካንሰርን እንደሚያሳድግ አሳይተዋል። ከጡት ካንሰሮች ብዙዎቹ በዚህ ሆርሞን የሚመገቡ በመሆናቸው ግኝቱ ትልቅ ትኩረት ስቧል።

የዴንማርኩ ጥናት

ነገሩን ከቤተ ሙከራ አውጥቶ በዓለም ጋዜጦች ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. በ2012 በዴንማርክ የወጣው ጥናት ነው። ዴንማርክ እያንዳንዱን ነዋሪ፣ ሕመሙንና የወሰደውን መድኃኒት የሚመዘግብ መዝገብ አላት። ተመራማሪዎቹም እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2007 ድረስ ካንሰር የተገኘባቸውን፣ ዕድሜያቸው 40 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ 295,925 ሰዎችን መዝገብ አገላበጡ። ከእነዚህ መካከል 18,721ዱ ካንሰሩ ከመታወቁ በፊት ስታቲን ዘወትር ይወስዱ ነበር። በእነዚህ ዘንድ በካንሰር የመሞት ዕድል መድኃኒቱን ፈጽሞ ካልወሰዱት ጋር ሲተያይ ከመቶ 15 ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ።

ይህ ለብዙ ሰው በቂ ማስረጃ ይመስላል። ይሁን እንጂ ጥናቱ መዝገብ የማገላበጥ ጥናት በመሆኑ አንድ ከባድ ጥያቄ ያስነሣል። የጠቀማቸው መድኃኒቱ ነውን? ወይስ መድኃኒቱን የሚወስዱት ሰዎች በሌላም ነገር ይለያሉ?

ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። በአንድ ሰፈር ጃንጥላ የሚይዙ እናቶች ከማይይዙት ያነሰ በጉንፋን ይታመማሉ እንበል። ይህ ጃንጥላ ጉንፋንን ይፈውሳል ማለት አይደለም። ጃንጥላ የምትገዛው እናት ጫማ ለመግዛትና ልብሷን ለመደራረብም አቅም ያላት ልትሆን ትችላለች። ስታቲን የሚወስድ ሰውም እንዲሁ ነው። ሐኪም ዘንድ ይመላለሳል፤ ደሙን ያስመረምራል፤ ሕመም ሲጀምረው ቶሎ ይታወቅለታል፤ ምክር ይቀበላል። በሌላ በኩል በጠና የታመመና መብላት ያቃተው ሰው ብዙውን ጊዜ የኮሌስትሮል ኪኒኑን ይተዋል። በዚህ ምክንያት መድኃኒቱን ያልወሰዱት ብዙ የሞቱ ይመስላል፤ ነገር ግን ኪኒኑን ያስተዋቸው በሽታው ራሱ ነው።

በዕጣ የተደረጉት ሙከራዎች ምን አሉ?

እንዲህ ያለውን መደናገር የሚያጠፋው ቀደም ብለን ለልብ ሕሙማን እንዳየነው በዕጣ የሚከፈል ሙከራ ነው። ማን መድኃኒቱን እንደሚያገኝ የሚወስነው ዕጣ ስለ ሆነ ሀብታምና ድሀ፣ ብርቱና ደካማ በሁለቱም ወገን እኩል ይገኛሉ።

በመጀመሪያ፣ ስታቲን ካንሰር እንዳይይዝ ይከላከላልን? እ.ኤ.አ. በ2012 የ27 ታላላቅ ሙከራዎች ውጤት በአንድነት ተመዘነ። በእነዚህ የተሳተፉት 175,000 ያህል ሰዎች ነበሩ። በአምስት ዓመት ገደማ ክትትል ውስጥ ስታቲን የወሰዱትና ያልወሰዱት በካንሰር በመያዝም ሆነ በካንሰር በመሞት ልዩነት አልታየባቸውም። ይህም በ1980 የነበረው ፍርሃት እንዳልተረጋገጠ፣ ተስፋውም በዚያ ጊዜ ውስጥ እንዳልታየ ያሳያል።

ሁለተኛ፣ ካንሰር የያዘውን ሰው ዕድሜ ያራዝማልን? እ.ኤ.አ. በ2001 በጃፓን በ83 የጉበት ካንሰር ሕሙማን ላይ የተደረገ ትንሽ ሙከራ ብዙዎችን አስደስቶ ነበር። ፕራቫስታቲን የተጨመረላቸው ሕሙማን በመካከለኛ ግምት 18 ወር ሲኖሩ፣ ያልተጨመረላቸው 9 ወር ኖሩ። ዳሩ ግን ፈረንሳይ ውስጥ 323 የጉበት ካንሰር ሕሙማን የተካፈሉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሙከራ ይህን ጥቅም አላገኘም። በብሪታኒያም 846 የሳንባ ካንሰር ሕሙማን በተካፈሉበት ሙከራ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 እንደ ተገለጸው፣ ከመደበኛው ሕክምና ጋር ይህንኑ መድኃኒት የወሰዱት ዕድሜያቸው ከሌሎቹ አልረዘመም።

ብርጭቆ ውስጥ የሠራው በሰው ላይ ለምን አልሠራም? አንዱ ምክንያት መጠኑ ነው። በቤተ ሙከራ የካንሰር ሕዋስ የሚገድለው የስታቲን መጠን፣ አንድ ሰው ኪኒኑን ውጦ በደሙ ውስጥ ከሚያገኘው እጅግ የበዛ ነው። ከዚህም ሌላ የተዋጠው መድኃኒት አብዛኛው የሚቀረው ጉበት ውስጥ ነው። ወደ ጡት ወይም ወደ ሳንባ የሚደርሰው ጥቂት ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን በር ፈጽሞ አልተዘጋም። በሆርሞን በሚያድገው የጡት ካንሰር በኩል ያለው ተስፋ ከሌሎቹ የተሻለ ስለ ሆነ፣ ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ ትልቅ ሙከራ ጀምራለች። ዕቅዱ 3,360 ሴቶች ከመደበኛው ሕክምናቸው በተጨማሪ በዕጣ ግማሾቹ አቶርቫስታቲን፣ ግማሾቹ ባዶ ኪኒን ለሁለት ዓመት እንዲወስዱ ነው። ለጥያቄው ቁርጥ ያለ መልስ ሊሰጥ የሚችለው እንዲህ ያለው ሥራ ነው። እዚህ ላይ «ከመደበኛው ሕክምናቸው በተጨማሪ» የሚለውን ቃል አንባቢያችን አጥብቃ ትያዝ። በዚያ ሙከራ ውስጥ ቀዶ ሕክምናዋን ትታ ስታቲን ብቻ የምትውጥ አንዲትም ሴት የለችም።

ለአገራችን እናት ምን ማለት ነው?

የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ግምት፣ በኢትዮጵያ በዓመት 77,000 ያህል አዳዲስ የካንሰር ሕሙማን ይገኛሉ። ከእነዚህ መካከል 16,000 ያህሉ የጡት፣ ከ7,000 በላይ የሚሆኑት ደግሞ የማኅፀን በር ካንሰር ያለባቸው ናቸው። ሐኪሞች ደጋግመው የሚናገሩት ችግር አብዛኞቹ ሕሙማን ወደ ሆስፒታል የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ መሆኑን ነው።

መዘግየቱ ምክንያት አለው። አንዲት የደጀን እናት ጡቷ ውስጥ ጠጠር የመሰለ ነገር ብታገኝ መንገዷ ረጅም ነው። ከጤና ጣቢያ ወደ ደጀን ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር ወይም የዓባይን በረሃ ተሻግራ ወደ አዲስ አበባ ልትላክ ትችላለች። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአገራችን ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። በኋላ ጅማን በመሳሰሉ ከተሞችም ተጀምሯል። የመኪና ዋጋ አለ፤ ማደሪያ አለ፤ ቤት የሚቀሩ ልጆች አሉ፤ ከሥራ መቅረት አለ። ይህን ሁሉ ስታስብ በቅርብ ካለው መድኃኒት ቤት በጥቂት ገንዘብ የሚገዛ ኪኒን እንደ መዳኛ ቢታያት አይፈረድባትም።

አደጋው ያለው ግን እዚሁ ላይ ነው። ኪኒኑን እየዋጠች «እስቲ ለውጡን ልየው» ብላ የምታሳልፋቸው ሦስትና አራት ወራት፣ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችል የነበረው እብጠት ወደ ብብት እጢዎች የሚሻገርባቸው ወራት ሊሆኑ ይችላሉ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው ይህ ነው።

በጥቂት ገንዘብ የሚገዛ ኪኒን ለጡት ካንሰር አይጠቅምም ማለት ግን አይደለም። የሚጠቅመው ተለይቶ የታወቀ ነው፤ ስሙም ታሞክሲፌን ይባላል። ይህ መድኃኒት የሚሠራው በሆርሞን በሚያድገው የጡት ካንሰር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ በአዲስ አበባ በ352 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ከአገራችን የጡት ካንሰር ሕሙማን ከሦስት እጅ ሁለት እጅ ያህሉ ከዚህ ወገን ናቸው። በምዕራብ ወለጋ በአይራ ሆስፒታል በተደረጉ ጥናቶችም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ታሞክሲፌን መውሰድ ከትልቅ ከተማ ርቀው ለሚኖሩ እናቶችም ጠቃሚ መሆኑ ታይቷል። መድኃኒቱ የሚወሰደው በቀን አንድ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ለአምስት ዓመት ነው። «ተሽሎኛል» ብሎ በመካከል ማቋረጥ ጥቅሙን ያሳጣል። የምትወስደው እናት ሐኪሟን ሳታማክር መተው የለባትም።

ከአንባብያን ሊነሡ የሚችሉ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ለልቤ ስታቲን ታዞልኛል፤ ካንሰርም አለብኝ። ኪኒኑን ልተወው?
መልስ፦ በራስዎ ውሳኔ አይተዉት። ለልብና ለደም ሥር ያለው ጥቅም የተረጋገጠ ነው። ነገር ግን የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ ለካንሰር ሐኪምዎ ይንገሩ።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ወይም አጠባለሁ። ስታቲን ብወስድ ይጎዳኛልን?
መልስ፦ በማኅፀን ያለ ልጅ ለመገንባት ኮሌስትሮል ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሐኪም በተለየ ምክንያት ካላዘዘ በቀር በእርግዝና ጊዜ አይወሰድም። ለሚያጠቡ እናቶችም አይመከርም። ለማርገዝ ያሰበችም አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ይወስደዋል፤ እኔም «ለመከላከል» ብቀምሰው ምን አለው?
መልስ፦ የሌላውን መድኃኒት መውሰድ አይገባም። ስታቲን ለአብዛኛው ሰው የሚስማማ ቢሆንም አልፎ አልፎ ጡንቻን ይጎዳል። ጡንቻ ያለ ምክንያት ሲያምና ሲደክም፣ ሽንትም እንደ ቡና ሲጠቁር በአስቸኳይ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2001 ከዚሁ ቤተሰብ ሴሪቫስታቲን የተባለው መድኃኒት ጡንቻን በብርቱ በመጉዳቱና ሰው በመሞቱ ከገበያ ወጥቷል። እንደ ክላሪትሮማይሲን ያሉ የቁስል መድኃኒቶች፣ ኢትራኮናዞል የተባለው የፈንገስ መድኃኒትና አንዳንድ የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች ከስታቲን ጋር ሲወሰዱ ይህን አደጋ ያባብሱታል።

እናቶች ዛሬ ሊያደርጉት የሚችሉት

የተመራማሪዎቹ ሙከራ ዓመታት ይወስዳል። እኛ ግን እጃችንን አጣጥፈን የምንጠብቅበት ምክንያት የለም። ጥቅማቸው የታወቀ፣ በአቅራቢያችንም የሚገኙ ነገሮች አሉና።

1ኛ/ ጡትን ማወቅ። ማንኛዋም ሴት የጡቷን ተፈጥሮ ብታውቅ ለውጥ ሲመጣ ትለያለች። የማያም ቢሆንም አዲስ እብጠት፣ የቆዳ መጨማደድ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፣ ከጫፉ ደም መውጣት ወይም በብብት ሥር የሚዳሰስ እጢ ከታየ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። አለማመሙ ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ የጡት ካንሰር ብዙውን ጊዜ ሲጀምር አያምም።

2ኛ/ የማኅፀን በር ምርመራ። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 የሆኑ ሴቶች በብዙ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች በቀላል ዘዴ ሊመረመሩ ይችላሉ። ባለሙያዋ የማኅፀንን በር አሴቲክ አሲድ ቀብታ ትመለከተዋለች፤ ወደ ነጭነት የተለወጠ ቦታ ካለ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይታከማል። ይህ ካንሰር ከመሆኑ በፊት የሚያዝበት መንገድ ነው።

3ኛ/ የልጃገረዶች ክትባት። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚያመጣውን ቫይረስ የሚከላከለው ክትባት በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ላይ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ። ከዚያ ወዲህም ከ9 ዓመት ጀምሮ ላሉት ተዳርሷል። ስለ ክትባቱ የሚወራውን ከመስማት ይልቅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን መጠየቅ ይሻላል።

4ኛ/ ማዕድን ማስተካከል። ሽሮ፣ ምስር፣ አተር፣ ጎመንና የጤፍ እንጀራ ለልብም ለሰውነትም የሚስማሙ ናቸው። ቅቤው ለዓመት በዓል ዶሮ ይቅር ማለታችን አይደለም፤ የዘወትር ወጥ ላይ ግን ልክ ይበጅለት። የሚረጋውን ዘይት በኑግ ወይም በሌላ ፈሳሽ ዘይት መለወጥ ይበጃል። ከመኪና ይልቅ በእግር መሄድን ማዘውተርም እንዲሁ።

5ኛ/ ወጪን ብቻ ለብቻ አለመሸከም። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ ወደ ሌላ ሆስፒታል ሲላክ የመላኪያ ወረቀቱን ይዞ መሄድ አለበት፤ አለዚያ ጥቅሙ ሊቀርበት ይችላል። ለሕክምና አዲስ አበባ የሚሄዱ ችግረኛ የካንሰር ሕሙማንም እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመውን ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን የመሳሰሉ፣ ማረፊያ በመስጠት የሚረዱ ድርጅቶች መኖራቸውን ማወቅ አለባቸው። ሆስፒታል የሚገኙ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች መንገዱን ያሳያሉ።

በመጨረሻም ባሎችና ጎልማሳ ልጆች የሚጠበቅባቸው ድርሻ አለ። እናት የራሷን ሕመም ከሁሉ በኋላ የምታስታውስ ፍጡር ናት። «እህሉ ይግባ፣ ልጆቹ ይፈተኑ፣ ከዚያ እታያለሁ» ትላለች። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይባላልና፣ እንዳትሸሽግ የሚያደርጋት ቤተሰቧ ነው። የወር ደሞዝ ላይ የመኪናውን ዋጋ ማስቀመጥ፣ ሐኪም ቤት አብሮ መሄድ፣ እርሷ በማትኖርበት ሳምንት ልጆቹን መያዝ ከማንኛውም ኪኒን ያላነሰ ይረዳታል።

ከሩዝ ሻጋታ የተገኘው መድኃኒት የልብን በሽታ እንደ ተዋጋ ሁሉ አንድ ቀን ለካንሰርም ይረዳ ይሆናል። ያ ቀን ሲመጣ የሚነግሩን በዕጣ ተከፍለው የተፈተኑ ሕሙማንና ውጤቱን የመዘኑ ሐኪሞች ናቸው። እስከዚያው ግን ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች እናት መጀመሪያ መሄድ ያለባት ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል!